እንቁላሉ በእግሩ እንዲሄድ ስንት ሥዕል ይበቃል?

የተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ዋጋ በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም ቢሰላ ይሻላል

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አባባሉ የትዕግሥት ምክር ነው። በኮምፒዩተር ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ለሚያሠራ ነጋዴ ግን የሂሳብ ጥያቄም ጭምር ይሆናል። እንቁላሉ በስክሪን ላይ በእግሩ እንዲሄድ ባለሙያው ስንት ጊዜ ይሣለው? ለእያንዳንዱ ሥዕልስ ምን ያህል ይከፈለው?

ጤፍ በኩንታል፣ ጨርቅ በሜትር፣ የአርማታ ብረት በቤርጋ ይሸጣል። ገዢና ሻጭ በዋጋ ቢከራከሩም በመለኪያው ላይ ልዩነት የላቸውም። በቴሌግራም ቻናል ላይ ለሚለቀቁ አጫጭር ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያዎች ግን ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ “ለአንድ ማስታወቂያ ይህን ያህል” በሚል የጅምላ ቃል ይታሰራል። ነጋዴው በአእምሮው የቴሌቪዥን ካርቱን ይዞ ይስማማል፤ ሠሪው ደግሞ ጥቂት ሥዕሎችን አስቦ ዋጋ ይሰጣል። ሥራው ሲቀርብ አንደኛው ተታለልኩ፣ ሌላኛው ተበዘበዝኩ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የጎደለው መለኪያው ነው።

መለኪያው ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ስሙ ፍሬም ይባላል፤ እንቅስቃሴ ከሚያስገኙት ተከታታይ ሥዕሎች መካከል አንዷ ሥዕል ማለት ነው።

የሸቀጡ ምንነት

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በራሱ አይንቀሳቀስም። በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዓይን እንደ አንድ ተከታታይ ድርጊት ይቀበላቸዋል። በሲኒማ የተለመደው ልክ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። የካርቱን ሠሪዎች ግን ከጥንት ጀምሮ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ በማሳየት ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ሲሥሉ ኖረዋል። ተመልካቹ ቅር አይለውም፤ ወጪው ግን በግማሽ ይወርዳል።

ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 “ፋንታስማጎሪ” የተባለውን አጭር ፊልሙን ሲሠራ 700 ያህል ሥዕሎችን ሥሎ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳ። ያ ሁሉ ድካም ያስገኘው ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ፊልም ነው።

ሥዕል ሳይቆጥሩ በጀት መያዝ የሚያስከትለውን ጣጣ ከዋልት ዲዝኒ የበለጠ የሚያስተምር የለም። እ.ኤ.አ. በታህሣሥ 1937 ለእይታ የበቃው “ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች” መጀመሪያ ሲታሰብ 250 ሺህ ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር። ሲጠናቀቅ ወጪው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ከተገመተው ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ዲዝኒ ሥራውን ለመጨረስ ቤቱን እስከ ማስያዝ ደርሷል። ፊልሙ ገበያ አግኝቶ ወጪውን ከነትርፉ በመመለሱ ታሪኩ በደስታ ይወራለታል። ቤት የሚያስይዝ ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም።

ወጪ ቆጣቢው ሌየር

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥዕል ሠሪዎች ሰውየው እጁን ባነሳ ቁጥር ከኋላው ያለውን ቤትና ዛፍ ጭምር እንደገና ይሥሉ ነበር። አሜሪካዊው ኧርል ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1914 ለዚህ መፍትሔ የሚሆን የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። የማይንቀሳቀሰው ጀርባ በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ይሣላል፤ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ ይሣልና ከበላዩ ይነጠፋል። ኸርድ ከጆን ብሬይ ጋር በመጣመር በዚህ ዘዴ የሚሠሩ ስቱዲዮዎችን የፈቃድ ክፍያ አስከፍሏል፤ ክፍያው የቀረው ፓተንቶቹ እ.ኤ.አ. በ1932 ዘመናቸው ሲያበቃ ነው።

ዛሬ በምስል ማረሚያ ፕሮግራሞች ውስጥ ሌየር የሚባለው ይኸው ስስ ሴሉሎይድ ነው። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ሌየር አልነበረውም፤ የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ለፎቶ ማሳመሪያ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ለአኒሜሽንም ሊያገለግል የቻለበት ምክንያት በሌየር ውስጥ ይገኛል። ሌየሮቹን በተራ ማሳየት ማለት ሥዕሎቹን በተራ ማፈራረቅ ማለት ነውና።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ የእንቁላል አከፋፋይ ለቴሌግራም ቻናሉ ማስታወቂያ አዘዘ እንበል። እንቁላሉ ይቀመጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሁለት እግር ያወጣል፣ ይራመዳል፤ በመጨረሻም “እንቁላል” የሚለው ቃል ፊደል በፊደል ይጻፋል። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኘው ጊምፕ ነው።

ሠሪው በመጀመሪያ የምስሉን ስፋት ይወስናል፤ 480 በ480 ፒክስል ለስልክ ስክሪን ይበቃል። ጀርባውን በአንድ ወጥ ቀለም ይሞላዋል። ከበላዩ ባዶ ሌየር ከፍቶ የመጀመሪያውን እንቁላል ይሥላል። ለሁለተኛው ሥዕል ሌየሩን ያባዛና የታችኛውን ድምቀት ይቀንሳል፤ የቀድሞው ሥዕል እንደ ጥላ ስለሚታየው አዲሱን ከምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ሲጨርስ ድምቀቱን ወደነበረበት ይመልሳል።

ጊምፕ ሌየሮቹን የሚያጫውተው ከታች ወደ ላይ ነው። በሌየር ዝርዝሩ ግርጌ ያለው የመጀመሪያው ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱ ፍሬም የሚቆይበት ጊዜ በሌየሩ ስም ላይ በቅንፍ ውስጥ በሚሊ ሰከንድ ይጻፋል። ከዚሁ ጋር ፍሬሙ የቀደመውን ይተካ ወይም በላዩ ይደረብ እንደሆነ ይገለጻል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚራመደው እንቁላል “ተደራቢ” ከተባለ የቀድሞዎቹ እግሮች ስለማይጠፉ እንቁላሉ እንደ አባ ጨጓሬ ባለብዙ እግር ይሆናል። “ተተኪ” ከተባለ ደግሞ እግሮቹ ይጠፋሉ፤ ነገር ግን ጀርባውም አብሮ ይሄዳል። በመሆኑም የጀርባው ሌየር በፍሬሞቹ ቁጥር ተባዝቶ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር መዋሃድ አለበት። ፊደላቱ ግን ተደራቢ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ፊደል በሌላው ላይ እየተጨመረ ይሄዳልና።

ቀጥሎ ከፊልተር ዝርዝር ውስጥ አኒሜሽን፣ ከዚያም ማጫወቻው ተከፍቶ ሥራው ይፈተሻል። የመጨረሻው ደረጃ ፋይሉን ጊፍ በተባለው ዓይነት ማውጣት ነው። በሚመጣው ሳጥን ላይ “እንደ አኒሜሽን” እና “ሳያቋርጥ ይደጋገም” የሚሉት ምርጫዎች ምልክት ይደረግባቸዋል። የመጀመሪያው ምርጫ ከተረሳ የሚወጣው አንድ የቆመ ሥዕል ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ በነፃ ወይስ በዶላር?

ከፕሮግራም ዋጋ አንፃር ገበያው ሁለት በር አለው። አንደኛው ፎቶሾፕ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያዝ አዲስ እትም ማውጣቱን ትቶ ወደ ወርኃዊና ዓመታዊ የደንበኝነት ክፍያ መዞሩን አስታውቋል። ይህም ቀድሞ የቋሚ ንብረት ግዢ የነበረውን ወደ ኪራይ ለውጦታል። ኪራዩ የሚከፈለው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ያልተለወጠው ኪራይ በብር ሲታሰብ እጥፍ ወደመሆን ደረሰ ማለት ነው። ፈቃድ በሌለው ቅጂ መሥራት ለዚህ መውጫ የሚመስላቸው አሉ፤ ሆኖም ሕገ ወጥነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከማይታወቅ ምንጭ የተጫነ ፕሮግራም የደንበኛን ፋይል ከነኮምፒዩተሩ የሚያበላሽ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው በር ጊምፕ ነው። ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀምረው በ1996 ለሕዝብ ለቀቁት። እስከ ዛሬም በነፃ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ዐቢይ እትሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ወጥቷል። ለ6 ሰከንድ የእንቁላል ማስታወቂያ ጊምፕ ከበቂ በላይ ነው።

የጊፍ ፋይል ራሱም የባለቤትነት ውዝግብ ያለፈበት ነው። ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጊፍን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጣ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅዶ ነበር። ፋይሉን የሚያሳንሰው የስሌት ዘዴ ግን የዩኒሲስ ፓተንት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በታህሣሥ 1994 ጊፍ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አምራቾች ፈቃድ መግዛት እንዳለባቸው ሲገለጽ ብዙዎች ተቆጡ፤ ፒኤንጂ የተባለው የምስል ዓይነት የተወለደው ከዚሁ ቁጣ ነው። ፓተንቱ በአሜሪካ በ2003፣ በሌሎች አገሮች በ2004 ዘመኑ አብቅቷል። ዛሬ ጊፍ ሠርቶ ለመሸጥ ለማንም የሚከፈል ነገር የለም።

ፕሮግራሙ ነፃ፣ ፋይሉ ነፃ ከሆነ የቀረው ወጪ አንድ ነው፤ እሱም የሠሪው ሰዓት ነው።

የእንቁላሉ ሂሳብ

የተቀመጠው እንቁላል 1 ሥዕል ነው፤ 1 ሰከንድ ይቆያል። ስንጥቁ 3 ሥዕል፣ እግር ማውጣቱ 4 ሥዕል ይፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሰከንድ ይታያሉ። አንድ ሙሉ እርምጃ፣ ማለትም ቀኝና ግራ እግር፣ በተለመደው የአኒሜሽን አሠራር በ8 ሥዕል ይጠናቀቃል። ጊፍ ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ እያንዳንዱ 120 ሚሊ ሰከንድ ይሰጠዋል። እርምጃው ሁለት ጊዜ ሲደገም ሌየሮቹ 16 ይሆናሉ፤ የተሣሉት ግን ያው 8 ናቸው። “እንቁላል” የሚለው ቃል 5 ፊደል አለው፤ 5 ፍሬም። የመጨረሻው ፍሬም 2 ሰከንድ ይቆያል፤ ደንበኛው እንዲያነብ።

ሲደመር በፋይሉ ውስጥ 29 ፍሬም፣ በእጅ የተሠራ ግን 21 ብቻ ይሆናል። ርዝመቱ ከ6 ሰከንድ በጥቂቱ ይበልጣል። ያለማቋረጥ በሰከንድ 12 ሥዕል ቢሣል ኖሮ ለ6 ሰከንድ 72 ሥዕል ያስፈልግ ነበር።

ለስሌት ያህል ለአንድ ሥዕል 20 ደቂቃ ይመደብ። 21 ሥዕል 7 ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ የሥራ ቀን የማይሞላ ነው። 72 ሥዕል ግን 24 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን ይወስዳል። ስምምነቱ “የ6 ሰከንድ ማስታወቂያ በ3 ሺህ ብር” የሚል ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው አሠራር ሠሪው በሰዓት 428 ብር ገደማ ያገኛል፤ በሁለተኛው 125 ብር። ሰከንዱም ዋጋውም አልተለወጠም። የተለወጠው በውሉ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር ነው።

በአንፃሩ ለአንድ ሥዕል 100 ብር ተብሎ ቢዋዋሉ ባለ 21ዱ 2,100 ብር፣ ባለ 72ቱ 7,200 ብር ይሆናል። ነጋዴው የሚገዛውን አውቆ ይመርጣል፤ ሠሪውም ላላሰበው ሥራ ዕዳ አይገባም።

ትንሽ የምትመስል እርማትም በዚህ ዓይን ስትታይ ልኳ ይታወቃል። “ፊደሉ ትንሽ ይቆይ” የሚል ጥያቄ አንድ ቁጥር ከመቀየር አይዘልም፤ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። “እንቁላሉ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ይሁን” የሚለው ግን እንቁላሉ ከጀርባው ጋር ከተዋሃደ በኋላ ከመጣ ፍሬሞቹን ሁሉ እየከፈቱ መጠገንን ይጠይቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ሌየሮቹ ሳይዋሃዱ አንድ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ጠንቃቃ ነጋዴም ቀለሙን የሚያጸድቀው የመጀመሪያው ሥዕል ብቻ እንደተሠራ ነው።

ስፋትና ቀለም

ብዙ ነጋዴዎች “ትልቅና ጥርት ያለ ይሁን” ይላሉ። 480 በ480 የሆነ ምስል 230,400 ነጥቦች አሉት፤ በጊፍ ውስጥ ከመታመቁ በፊት ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት ቢታሰብ 29ኙ ፍሬሞች ወደ 6.7 ሚሊዮን ባይት ይጠጋሉ። ጎኑ እጥፍ ሆኖ 960 በ960 ቢደረግ ፋይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ወደ 26.7 ሚሊዮን ባይት ይሄዳል። ማመቁ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ በተለይ ጀርባው ወጥ ቀለም ሲሆንና የተለወጠው ክፍል ብቻ እንዲቀመጥ ሲደረግ። ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ የሚላኩለትን ጊፎች ወደ ድምፅ አልባ ቪዲዮ እየለወጠ ያቀልላቸዋል።

ጊፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። ለተሣለ እንቁላል ይህ ብዙ ነው፤ ለፎቶግራፍ ግን ያንሳል፤ ፊትና ጨርቅ የነጠብጣብ መልክ ያወጣል። ግማሽ ግልጽነትም የለውም፤ አንድ ነጥብ ወይ ይታያል ወይ አይታይም። የአማርኛ ፊደል ቅጥያዎች ቀጫጭን በመሆናቸው ጀርባው ግልጽ ተደርጎ ሲወጣ ጠርዛቸው እንደተቀደደ ወረቀት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጀርባውን በወጥ ቀለም መሙላት።

ኮምፒዩተር ከጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ሥዕልና ቪዲዮ የሚያወጣበት ዘመን መጥቷል። ይሁንና እነዚህ ፕሮግራሞች የአማርኛ ፊደላትን በብዛት እያጣመሙ ያቀርባሉ። የድርጅቱ ስም በትክክል እንዲነበብ የሚፈልግ ነጋዴ ፊደሉን በሰው እጅ ማስገባቱ ለጊዜው የሚቀር አይመስልም።

ለደላላውና ለባለሀብቱ

በነጋዴውና በሠሪው መካከል የሚቆመው ደላላ በፍሬም ቢነጋገር ተጠቃሚ ነው። ከ2,100 ብር ላይ አሥር በመቶ ቢይዝ 210 ብር፣ ከ7,200 ብር ላይ 720 ብር ያገኛል፤ ሁለቱም ወገን ከምን ላይ እንደተሰላ ያያሉ። ፍሬም ሳይቆጥር “በርካሽ አሠራልሃለሁ” ያለ ደላላ ግን ነገ የሚጠፋው ከሁለቱም ፊት ነው።

በዘርፉ ገንዘብ ለማዋል ለሚያስብ ደግሞ አንድ የውጭ ገበያ ምሳሌ ማስታወስ አይከፋም። ጊፎችን ሰብስቦ የሚያሰራጨውን ጊፊ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሲገዛ ዋጋው 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቦ ነበር። የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪ ሽያጩ እንዲቀለበስ አዘዘ። ሹተርስቶክ በ2023 የገዛው በ53 ሚሊዮን ዶላር ነው። በግዳጅ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋ መውረዱ ያለ ነው፤ የዚህን ያህል መውረዱ ግን የተመልካች ብዛት ብቻውን ገቢ አለመሆኑን ያመለክታል። በዚህ ሥራ አስተማማኙ ገንዘብ ማስታወቂያውን አዝዞ ከሚከፍለው ደንበኛ የሚመጣው ነው።

ስለሆነም ከስምምነት በፊት አራት ነጥቦች በጽሑፍ ቢሰፍሩ ሙግቱ ይቀንሳል። አንደኛ፣ በእጅ የሚሠሩት ሥዕሎች ብዛት፤ በመደጋገም ከሚገኙት ተለይቶ። ሁለተኛ፣ የምስሉ ስፋት በፒክስል። ሦስተኛ፣ በዋጋው ውስጥ የሚካተቱት እርማቶች ቁጥርና እርማት የሚዘጋበት ደረጃ። አራተኛ፣ ሌየሮቹ ያልተዋሃዱበት ዋናው ፋይል የማን እንደሚሆን። ጊፉን ብቻ የተረከበ ነጋዴ ለፋሲካ ያሠራውን ለገና ለማሳደስ ሲፈልግ ሥራው ከዜሮ ይጀምርበታል። ዋናውን ፋይል በእጁ የያዘ ግን የሚከፍለው ለተለወጡት ፍሬሞች ብቻ ይሆናል።